ወለል እየጠረጉ በረራ የተማሩት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

እኛ የቆሼ ልጆች ስናድግ ፓይለት እንሆናለን ስንል፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው የሚስቁብን አሉ። ስለዚህ ዛሬ በታዋቂ ሰዎች አምዳችን የአንድ ድሃ አብራሪ ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል።

ጆን ሮቢንሰን አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ ተወልደው ሚሲሲፒ ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ አውሮፕላን አዩና ልባቸው እዚያው ሰማይ ላይ ቀረ። ግን ገንዘብ የለም። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም ነበር። እሳቸውም መጀመሪያ የመኪና ጥገና ተማሩ፤ በመካኒክነት እየሠሩ ራሳቸውን ቻሉ።

ከዚያ ቺካጎ በሚገኘው ከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለመማር አመለከቱ። በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ! ክፍል እየጠረጉ መምህሩ የሚያስተምረውን ያዳምጣሉ። የሰሙትን ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ያጠናሉ። አብረውም የሞተር ሳይክል ሞተር ገጥመው ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ። አሮጌ ዕቃ ስንት ነገር እንደሚሆን እኛ የቆሼ ልጆች እናውቃለን አይደል?

በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ተቀበላቸው። ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር በ1931 እ.ኤ.አ. ተመረቁ፤ እዚያው አስተማሪም ሆኑ። አብራሪ ልምድ የሚያገኘው ደጋግሞ ሲበር ነው። ለጥቁሮች ግን የሚነሱበት ሜዳ እንኳን ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ሮቢንስ በምትባል ከተማ ከጓደኞቻቸው ጋር የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ ሮቢንሰን ኢትዮጵያን ለመርዳት መጡ። ንጉሠ ነገሥቱም ኮሎኔልነት ሰጥተው የአየር ኃይሉ አዛዥ አደረጓቸው። የነበሩን አውሮፕላኖች ጥቂትና አሮጌ ነበሩ፤ መሣሪያም አልነበራቸውም። እሳቸው ግን በእነሱ መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር ያመላልሱ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዐድዋን በቦምብ ስትደበድብ እዚያው ነበሩ። በዚህ ጀግንነታቸው ቡናማው ኮንዶር ተባሉ። ኮንዶር በጣም ትልቅ አሞራ ነው።

ጠላት ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው መጥተው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራ አስተማሩ። እሳቸው የተከለከሉትን ትምህርት ለእኛ ሰዎች ሳይሰስቱ ሰጡ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ገንዘብ ከሌለ መጀመሪያ ሙያ መያዝ፣ ትንሽ ሥራ አለመናቅ፣ ያወቁትን ለጓደኛ ማካፈል። ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ደግሞ ዛሬውኑ ከክፍላችን መጀመር እንችላለን። ለዚህ ማንም ብር አይጠይቀንም።