ጆ ሉዊስና የክፍላችን ክርክር

በዚህ ዓመት በክፍላችን የዕረፍት ሰዓት ያለ ቦክስ ክርክር ያለፈበት ቀን ጥቂት ነው። ስለሚመጣው የከባድ ሚዛን ግጥሚያ አንዱ እገሌ ያሸንፋል ሲል፥ ሌላው ያለፈውን እየቈጠረ ይከራከረዋል። እኔም አንድ ጊዜ የተረታ በዚያው ሰው ዳግመኛ ይረታል ከሚሉት ወገን ነበርሁ። የጆ ሉዊስን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን ዐሳቤን ስለ ለወጥሁ፥ ምክንያቱን ለጓደኞቼ እነሆ እጽፋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጆ ሉዊስ በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በአላባማ ግዛት ከድኻ ጥቁር ገበሬዎች ተወለደ። በ1926 ቤተ ሰቡ ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄደ። እናቱ ቫዮሊን እንዲማርበት የሰጠችውን ገንዘብ ለቦክስ ትምህርት እንዳዋለው ይነገራል፤ ይህችን መስመር ወላጆቻችን ባያነቧት እመርጣለሁ።

በሰኔ 1935፥ ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትሰናዳበት ጊዜ፥ በኒውዮርክ ከኢጣልያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ሰው ነበረ፤ ሉዊስ ግን 90 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በስድስተኛው ዙር ረታው። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ድሉን እንደ ኢትዮጵያ ድል ቈጠሩት። ቡጢ ጦርነትን እንደማያስቀር ባውቅም፥ ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ።

በ1936 ተሸንፎ የማያውቀው ሉዊስ ከጀርመናዊው ከማክስ ሽመሊንግ ጋር ሲገጥም፥ አዋቂ የተባሉት ሽመሊንግን አርጅቷል ብለው ንቀውት ነበር። እሱ ግን የሉዊስን ግጥሚያ አጥንቶ፥ በግራ እጁ ከሰነዘረ በኋላ እጁን ዝቅ እንደሚያደርግ ደርሶበታል። በዚያው ክፍተት በቀኙ እየደጋገመ መታውና በ12ኛው ዙር ዘረረው። የሂትለር መንግሥትም ድሉን የዘር ብልጫ ማስረጃ አድርጎ አወራው፤ ሽመሊንግ ራሱ ግን የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም።

ሉዊስ በ1937 ጄምስ ብራዶክን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቢሆንም ሽመሊንግን ሳይረታ ማዕርጉ ሙሉ አልመሰለውም። ሰኔ 22 ቀን 1938፥ 70,000 ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት፥ እንደ ገና ተገናኙ። ያለፈውን ብቻ የቈጠረ ሰው ለሽመሊንግ ይፈርድ ነበር፤ እኔም እፈርድ ነበር። ጨዋታው በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አለቀ። ሉዊስ አሸነፈ!

ከዚያ ወዲያ እስከ 1949 ድረስ ማዕርጉን አላስነጠቀም፤ በጠቅላላው 25 ጊዜ ተከላክሏል። በጦርነቱ ጊዜ የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊት መርጃ ሰጥቶ ወታደር ሆነ። በኋላ ግን መንግሥት ከባድ የግብር ዕዳ ጠየቀው፤ ስለዚህ ካረፈ በኋላ ወደ ቦክስ ተመለሰ። በ1951 ሮኪ ማርሲያኖ ረታው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን እየጠቀሰ ማርሲያኖ ይበልጣል ይለኛል። ማርሲያኖ ያን ጊዜ 28 ዓመቱ፥ ሉዊስ 37 ዓመቱ እንደ ነበረ ስነግረው ግን ወሬ ይለውጣል።

ጆ ሉዊስ በ1981 በላስ ቬጋስ ዐረፈ፤ በወታደራዊ ክብርም በአርሊንግተን ተቀበረ። ከጦርነቱ በኋላ ከሽመሊንግ ጋር ወዳጆች ሆነው ኖረዋል።