ያለ ጦር ወህኒዋን የለወጠች እናት

በመተማ ቆላ የምንኖር ወጣቶች ሆይ! ኬላውንና ጠረፉን፣ ታስሮ የሚወሰደውንም ሰው በየጊዜው እናያለን። ከ400 ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚሁ በሱዳን ጠረፍ በኩል ወዳለው ቆላ፣ ዣባይ ወደ ተባለ ስፍራ፣ አንዲት ሴት እስረኛ ሆና ወርዳ ነበር። እርሷም እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። ወላጆቿ ባለ ርስትና ባለ ማዕረግ ነበሩ። ለዐፄ ሱስንዮስ ሹም ለመልክዐ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚህ በኋላ ምቾትን ትታ መነነች፤ የጌታ ልጅ ስትሆን ራሷ ውኃ ትቀዳ፣ እህልም ትፈጭ ነበር።

ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀብሎ ሕዝቡን ወደዚያው ሲያስገድድ እሷ እምቢ አለች። እየዞረችም ሕዝቡን በአባቶች ሃይማኖት እንዲጸና አስተማረች። በዚህ ምክንያት ተይዛ በንጉሡ ችሎት ቆመች፤ የሚያባብሏትም የሚያስፈራሯትም አሳቧን ሊያስለውጧት አልቻሉም። በመጨረሻ ለ3 ዓመት ወደ ዣባይ ተጋዘች።

በዚያ ዘመን እስረኛ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሹም ይሰጥ ነበር። ምግቡም፣ ክብሩም፣ ሕይወቱም በዚያ ሰው እጅ ነው። የወለተ ጴጥሮስም ጠባቂ በመጀመሪያ ጨካኝ እንደ ነበረ ገድሏ ይናገራል። እርሷ ግን አልተሳደበችም፤ አልሸሸችም፤ አልተንበረከከችምም። ትጾማለች፣ ትጸልያለች፣ ትታገሣለች። ውሎ አድሮ የጠባቂዋ ልብ ራርቶ ያከብራት ጀመር። ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሰዎችም ወደ እርሷ ተሰበሰቡ። ከመሠረተቻቸው 7 ማኅበራት የመጀመሪያው የተተከለው በዚያ በግዞት ስፍራ ነው። ሊያጠፏት የላኳት ቆላ የማኅበሯ መነሻ ሆነ።

በዚያው ዘመን ብዙዎች ጦር አነሡ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ያን ሁሉ ሬሳ ያየው ንጉሥ በዚያው ዓመት አዋጁን መልሶ ሕዝቡን በሃይማኖቱ እንዲኖር ፈቀደ። ወለተ ጴጥሮስ ግን የማንንም ደም ሳታፈስ እስከዚያ ቀን ጸንታ ነበር። ከዚያም በጣና ዙሪያ ማኅበሮቿን ስትመራ ኖራ፣ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐርፋ በሬማ ደሴት ተቀበረች። አደራዋንም ለባልንጀራዋ ለእኅተ ክርስቶስ ተወች። ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ።

ወንድሞችና እኅቶች! ከመካከላችን ነገ ፖሊስ ወይም የማረሚያ ቤት ጠባቂ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ የዣባዩን ጠባቂ ያስብ። ሰው በእጁ ሲወድቅለት ዱላ ማንሣት ቀላል ነው፤ ልብን ማራራት ግን ይከብዳል። ሳይበድል የሚታሰር ሰውም አይጠፋም፤ እርሱ ደግሞ እናታችንን ያስብ። ትዕግሥት ፍርሃት አይደለም፤ እስረኛይቱ በትዕግሥቷ የአሳሪዋን ልብ ማርካለችና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።