መሳል ያቃተው ታልቦት

በዚህ እትም ሽፋን ላይ የተለጠፈውን ሰውዬ አይታችሁታል? ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ነጥብ ብቻ ነው። ራቅ ስትሉ ደግሞ ፊት ይሆናል። ሰውዬው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ይባላል። ነጥቦቹም የመጡት ከሱ ሐሳብ ስለሆነ ታሪኩን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታልቦት በ1800 እንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ገና የ5 ወር ሕፃን እያለ ሲሆን ለቤተሰቡ የተወው ዕዳ ነበር። ልጁ ግን በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ተማረ። የፓርላማ አባልም ሆኖ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ስዕል! በ1833 ከሚስቱ ከኮንስታንስ ጋር ጣሊያን አገር ኮሞ ሐይቅ ሄዱ። እዛ ሐይቁን ለመሳል በመሣሪያ ጭምር ቢሞክርም አልሆነለትም። ሚስቱ እንኳን ከሱ ትሻል ነበር። ተናደደና ምን አሰበ መሰላችሁ? ብርሃኑ ራሱ ወረቀቱ ላይ ለምን አይስልም አለ።

አገሩ ተመልሶ ሌኮክ በሚባለው ቤቱ ሙከራ ጀመረ። ወረቀት ጨው ውስጥ ይነክርና የብር ኬሚካል ይቀባዋል። ብርሃን የነካው ቦታ ይጠቁራል። ትንንሽ የእንጨት ካሜራዎች አሠርቶ በየቦታው ያስቀምጣቸው ስለነበር ሚስቱ የአይጥ ወጥመድ ብላ ጠራቻቸው። በ1835 የቤቱን መስኮት አነሳ። ፎቶዋ ከቴምብር ብዙም አትበልጥም። ከዛ ሥራውን ተወት አደረገው፤ ይሄ ነው ስህተቱ። በጃንዋሪ 1839 ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ መሥራቱ ተሰማ! ታልቦት በጣም ደነገጠ። ደግነቱ የዳጌር ፎቶ በብረት ላይ አንድ ብቻ የሚወጣ ነው። የታልቦት ግን ከአንድ ኔጌቲቭ ብዙ ይባዛል። ይሁን እንጂ የፈጠራ መብት አውጥቶ ሰዎችን ገንዘብ ስለጠየቀ ብዙዎች ተቀየሙት። በ1854 ፍርድ ቤት ሳይቀር ተረታ። እኔ በዚህ አልፈርድበትም፤ ብዙ ዓመት ለፍቶበታል።

ከ1844 ጀምሮ ፎቶ ያለበት መጽሐፍ አሳተመ። ፎቶዎቹ ግን ልክ እንደኛ መጽሔት በእጅ የተለጠፉ ናቸው። የባሰው ደግሞ አንዳንዶቹ እየደበዘዙ መጡ። ስለዚህ በማይደበዝዝ የማተሚያ ቀለም ማተም ፈለገ። ችግሩ የማተሚያ ቀለም ወይ ጥቁር ነው ወይ የለም፤ ግራጫ አያውቅም። ባለፈው እትም የለጠፍነው የክለባችን ፎቶ ከተማ ፎቶኮፒ ሲደረግ ፊታችን ሁሉ ጥላሸት የሆነውም ለዚህ ነው።

በ1852 ታልቦት መፍትሔ አገኘ። ብርሃን ሲነካው የሚጠጥር ጄላቲን የብረት ሰሌዳ ላይ ቀባ። በሰሌዳውና በምስሉ መሐል እንደ ሻሽ ያለ ስስ ጨርቅ አጥፎ አስገባ። ባዶ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሥር ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐይዋ በሽቦው ቀዳዳ ገብታ መሬቱን ነጥብ በነጥብ ታደርገዋለች። ጨርቁም ምስሉን እንደዛ ከፋፈለው። ሌሎች ሰዎች በኋላ ይህን ሐሳብ አሻሻሉት። ጨለማው ቦታ ትልልቅ ነጥብ፣ ብርሃኑ ቦታ ትንንሽ ነጥብ ሆነ። ከሩቅ ሲታይ ዓይናችን ይቀላቅለውና ግራጫ ይመስለዋል።

ነገርዬው ግን ቶሎ ጋዜጣ ላይ አልደረሰም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲመጣ ካሜራ ይዞ ነበር። ያኔ ግን ፎቶ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ መጀመሪያ ሰው እንጨት ላይ በእጁ መቅረጽ ነበረበት። ልዑል አለማየሁም እንግሊዝ ከደረሰ በኋላ ፎቶ ተነስቷል፤ ከመስታወት ኔጌቲቭ የተባዛ ነው።

ታልቦት በሴፕቴምበር 17 ቀን 1877 ሞተ። በነጥብ የታተመ ፎቶ ኒውዮርክ ውስጥ ዴይሊ ግራፊክ በሚባል ጋዜጣ ላይ የወጣው በማርች 4 ቀን 1880 ነው። ሦስት ዓመት እንኳን ሳይሞላ አመለጠው።

የሽፋኑን ፎቶ የሠራነው በመምህራችን ላፕቶፕ ላይ ነው። ፎቶሾፕ ከፍተን ምስሉን ጥቁርና ነጭ አደረግነው። ከዛ ፊልተር ውስጥ ፒክስሌት፣ ቀጥሎ ከለር ሃፍቶን የሚለውን ተጫንን። የነጥቡን መጠን መጀመሪያ በጣም ስላተለቅነው አፍንጫው ጠፋ፤ ስናሳንሰው ተመለሰ። አሁን ፎቶኮፒ ሲደረግም ፊቱ አይጠቁርም፤ ሞክረነዋል።