የዓባይ ፈተና እና የ7 ምስጢር

ከዓለም ከተማ ደጋ በታች የሚፈሰው ጀማ ዓባይን ተቀላቅሎ ግብፅ ይገባል። በዚያ ውሃ ሰበብ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀውን ሊቅ ታውቁታላችሁ?

አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም (ረሒመሁላህ) በ965 እ.ኤ.አ. አካባቢ በስራ ተወለደ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የዓባይን ሙላት መቆጣጠር ይቻላል ማለቱን የሰማው የግብፁ ገዥ አል-ሓኪም አስጠራው። አስዋን አካባቢ ደርሶ ወንዙን ሲያይ ግን ሥራው እንደማይሆን ገባው። አል-ሓኪም ደግሞ ሰው መግደል የማይከብደው ገዥ ነበር። ስለዚህ እብድ መሰለ፤ ቤት ተዘጋበት። የወጣው ገዥው በ1021 ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በአል-አዝሀር መስጂድ አጠገብ የሒሳብ መጻሕፍት በእጁ እየገለበጠ ኖረ።

ብዙዎች በብርሃን ጥናቱ ያውቁታል። እኔ ይበልጥ የምወድለት አንድ ጥያቄ አለ፦ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5ም ለ6ም ሲካፈል 1 የሚተርፈው፣ ለ7 ሲካፈል ግን ምንም የማይተርፈው ቁጥር ስንት ነው? ሳትቀጥሉ ሞክሩት።

ከ1 እስከ 6 ያሉትን አባዙ፤ 720። 1 ጨምሩ፤ 721። 7 ጊዜ 103 ማለት ነው! (301ም ይሆናል።) ዘዴው የሠራው 7 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የለውም። በ6 ሞክሩ፦ ከ1 እስከ 5 ተባዝቶ 120፣ 1 ሲጨመር 121፤ ለ6 ሲካፈል 1 ይተርፋል። አልሠራም፣ 6 ብቸኛ አይደለማ!

ይህ የብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ጠባይ መሆኑን ጽፎ በ1040 አካባቢ ካይሮ አረፈ። ላግራንዥ ማረጋገጫውን የሰጠው በ1771 ነው። ሕጉ ዛሬም የሚጠራው በእንግሊዛዊው ዊልሰን ስም ነው።