ቻርጀራችሁ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ

እስቲ የስልካችሁን ቻርጀር ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። በደቃቅ ጽሑፍ 10 ዋት፣ 20 ዋት የሚል ነገር አይጠፋውም። ዋት የሰው ስም ነው። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ የምወደው ፈጠራው ስለገነነ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ የምንማረው የፓወር ልኬት የመጣው ከሒሳብ ክፍያ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1736 በስኮትላንድ፣ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጤናው ደካማ ነበር። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መሣሪያ እየሠራና እየጠገነ ሲኖር፣ ለማስተማሪያ የሚያገለግል አንድ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር እንዲጠግን ተሰጠው። ሞተሩ የኒውኮመን ሥሪት ነበር። ሲሊንደሩ በየምቱ እየሞቀ መልሶ ስለሚቀዘቅዝ አብዛኛው እንፋሎት በከንቱ ያልቃል። በ1765 መፍትሔው መጣለት፦ እንፋሎቱ የሚቀዘቅዝበትን ክፍል ከሲሊንደሩ መለየት።

ሐሳቡ ግን ቶሎ እንጀራ አልሆነለትም። በ1769 የፈጠራ መብት ቢያገኝም፣ ለዓመታት የሚተዳደረው የውኃ ቦይ የሚቆፈርበትን መሬት እየቀየሰ ነበር። ሥራውን በገንዘብ ይደግፍ የነበረው ሸሪኩ ከሰረ። በ1773 ደግሞ ሚስቱ ማርጋሬት ሞተችበት። ነገሩ የተቃናው በ1775 ከበርሚንግሃሙ ነጋዴ ከማቲው ቦልተን ጋር ሽርክና ሲገባ ነው።

ክፍያቸው ብልህ ነበር። ማዕድን ቆፋሪዎች ከድሮው ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከሚቆጥቡት የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሲሶውን ይከፍሏቸዋል። በኋላ ግን ወፍጮ ቤቶችና ቢራ ጠማቂዎች መጡ። እነዚህ ደግሞ ማሽናቸውን የሚያዞሩት በፈረስ ነው፤ የሚነጻጸር ከሰል የላቸውም። ታዲያ በምን ይከፈል?

ዋት ፈረሱን ራሱን መለኪያ አደረገው። ወፍጮ የሚያዞር ፈረስ በምን ያህል ጉልበት እንደሚገፋና በደቂቃ ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ አሰላ። በእኛ መለኪያ ሲታሰብ፣ የወሰነው ቁጥር 76 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ይህ አንድ የፈረስ ጉልበት ተባለ። ተራ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ይህን ያህል መሥራት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ባለ 10 ፈረስ ሞተር የያዘ ደንበኛ ጎደለብኝ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም።

እዚህ ላይ ቁልፉ ነገር ሰዓቱ ነው። በአማርኛ ጉልበትም ኃይልም እያልን እናቀላቅለዋለን፤ የፓወር ጥያቄ ግን ሥራው በስንት ጊዜ አለቀ የሚል ነው። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 10 ሜትር ከፍታ ላይ ለማውጣት 2,000 ጁል ገደማ ይፈልጋል። በ20 ሰከንድ ካወጣችሁት ለውኃው የዋለው ፓወር 100 ዋት ነው። እያረፋችሁ 100 ሰከንድ ከፈጀባችሁ ደግሞ 20 ዋት። ውኃው ያው ነው፣ ፎቁም ያው ነው፤ የተለየው ፍጥነቱ ነው።

ዋት በ1819 ሞተ። ስሙ የፓወር መለኪያ እንዲሆን ሐሳብ የቀረበው በ1882 ነው፤ በሰከንድ አንድ ጁል ማለት ነው። የእሱ አንድ ፈረስ ዛሬ 746 ዋት ገደማ ይሆናል።

እናም ባለ 20 ዋት ቻርጀር ባትሪያችሁን አያሳድገውም፤ ስልኩ መቀበል ከቻለ ያንኑ ባትሪ ቶሎ ይሞላዋል እንጂ። ዋቱ ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት። 5 ቮልትና 2 አምፔር የሚል ከሆነ 10 ዋት ነው። ሻጩ ፈጣን ነው ሲላችሁ መጀመሪያ ይህቺን ሒሳብ ሥሩ።