የአንበጣን ጠባይ የገለጠው ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ

ከግሽ ዓባይ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የግጦሽ ሣር የከብቱ ቀለብ ነው። የሣርና የእህል ጠላት የሆነውን አንበጣ ተከታትሎ ጠባዩን ለዓለም የገለጠው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው።

ኡቫሮቭ የተወለደው ዛሬ ካዛክስታን በምትባለው አገር፣ በኡራልስክ ከተማ ነው። በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በሰሜን ካውካሰስ፣ በስታቭሮፖል፣ በአንበጣ መከላከል ሥራ ተሰማራ። በዚያን ጊዜ ለብቻው የሚኖረው ፌንጣና በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። እርሱ ግን በመስክ ሲመለከት የአንዱ ልጆች የሌላውን መልክ ይዘው አገኛቸው። በ1920 እ.ኤ.አ. ወደ ለንደን ተሻግሮ በዓመቱ ግኝቱን አሳተመ። ይኸውም አንበጣ ሲበዛና ሲጠጋጋ መልኩንና ጠባዩን ለውጦ መንጋ ይሆናል የሚል ነው።

ከዚህም የተነሣ መንጋው ማሳ ላይ እስኪያርፍ ከመጠበቅ ይልቅ በመፈልፈያው ቦታ ሳይበዛ መቆጣጠር ዋና ዘዴ ሆነ። በ1945 እ.ኤ.አ. በለንደን የተቋቋመውን የፀረ አንበጣ ምርምር ማዕከልም መርቷል።

በአገራችን በ1958 እ.ኤ.አ. መንጋው 167,000 ቶን እህል አጠፋ። በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተመሠረተ።

ኡቫሮቭ በ1970 እ.ኤ.አ. አረፈ። ትምህርቱ ግን ለተምችም ይሠራል፤ ተምች ጥቂት ሲሆን አረንጓዴ፣ ተጠጋግቶ ሲያድግ ጥቁር ነው። ስለዚህ የማኅበር መሪ ጥቁሩ እስኪታይ ሳይጠብቅ የግጦሹን ሣር ማስፈተሽና ያገኘውን ፈጥኖ ለግብርና ሠራተኛ ማስታወቅ ይገባዋል።