ዘርዐ ያዕቆብ፤ ገደሉን በገመድ የለካው ሊቅ



ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ቢል መርጡለ ማርያምን ያገኛል። በዚያም ድንጋዩ በአበባና በሐረግ መልክ የተቀረጸ የጥንት ሕንፃ ፍራሽ ቆሞ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ከሐድያ ሙስሊም ባላባት ቤት የተወለደች ነበረች። በጦርነት የተጎዳውን ቦታ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እንደገና ሠሩበት። ዛሬ ደግሞ በቦታው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ካህናት ይቀድሳሉ። ድንጋዮቹ በሰላም ተደጋግፈው ሲኖሩ ሰዎቹ ግን በሃይማኖት ልዩነት ምክንያት ብዙ ደም አፍስሰዋል። በዚያ የመከራ ዘመን ኖሩ ከሚባሉት ሰዎች የአንዱን ታሪክ ልነግራችሁ አስቤአለሁ፤ ይኸውም የፈላስፋው የዘርዐ ያዕቆብ ታሪክ ነው።

ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። እኔን ያሳደጉኝ አያቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያረጁ ሰው ናቸው። የምድር ዕድሜ 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያህል መሆኑን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በተማርሁበት ቀን ማታ ይህንኑ ለአያቴ ነገርኋቸው። ዓለም ከተፈጠረ 7 ሺህ 500 ዓመት ያህል መሆኑን ሲቆጥሩ የኖሩት ሽማግሌ ግን ምንም ሳይመልሱልኝ ቀሩ። ዝምታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። በክፍላችንም ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። እሱ ረመዳንን ሲጾም እኔ እበላለሁ፤ እኔ ሁዳዴን ስጾም እሱ ይበላል። ሁለታችንም ግን ፈተና ሲደርስ ፈጣሪያችንን እንለምናለን። ታዲያ እውነቱ በማን ዘንድ ነው? ምርምርስ ሃይማኖትን ያጠፋልን? በዚህ አሳብ ስጨነቅ ሳለሁ ዘርዐ ያዕቆብ የዚህን ጥያቄ ዐይነት አንሥቶ እንደ ነበረ ከመምህሬ ሰማሁ።

ታሪኩን የምናገኘው ሐተታ ከተባለው በግዕዝ ከተጻፈው መጽሐፍ ነው። ስለ መጽሐፉ በሊቃውንት መካከል ክርክር አለ፤ እሱን ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ። አስቀድሜ ግን መጽሐፉ እንደሚተርከው የሕይወቱን ታሪክ ላቅርብ።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. ነሐሴ 25 ቀን በአክሱም አውራጃ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። የክርስትና ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ሲሆን ሰዎች ወርቄ እያሉ ይጠሩት ነበር። አባቱ ድኻ ቢሆንም ልጁ አስተዋይ መሆኑን አይቶ ወደ ትምህርት ቤት ላከው። በመጀመሪያ ወደ ዜማ ገባ፤ ነገር ግን ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ ዜማው አልሆነለትም። ስለዚህ ወደ ቅኔና ሰዋስው ትምህርት ተዛውሮ 4 ዓመት ተማረ። ከዚያም 10 ዓመት ያህል በመጻሕፍት ትርጓሜ ቆየ። እኛ በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ኮቾሮ እየለመኑ ቅኔ የሚቆጥሩትን የቆሎ ተማሪዎች ስለምናውቅ፤ የዘርዐ ያዕቆብ የልጅነት ኑሮ ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸግረንም።

በቅኔ ቤት ሳለ የደረሰበት አንድ ነገር አለ። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ከትልቅ ገደል ወደቀ። ሰው ሁሉ ሞተ ሲል እሱ ምንም ሳይጎዳ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ እኔን አስደንቆኛል። ረዥም ገመድ አምጥቶ የገደሉን ጥልቀት ለካው፤ 25 ክንድ ከስንዝር ሆኖ አገኘው። ከለካም በኋላ ከሞት ያዳነውን እግዚአብሔርን እያመሰገነ ወደ መምህሩ ቤት ሄደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መለካቱ ከማመስገን አልከለከለውም፤ ማመስገኑም ከመለካት አልከለከለውም። እንዲያውም ገደሉ ምን ያህል ጥልቅ መሆኑን በማወቁ የዳነበት ነገር ምን ያህል ታላቅ እንደ ሆነ ተረዳ።

ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በአክሱም ወንበር ዘርግቶ 4 ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። በ1617 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል መጣ፤ ሕዝቡም የአባቶቹን ሥርዐት እንዲተው ታዘዘ። በእኛው አገር በጎጃም የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ለአዲሱ ሃይማኖት እጅግ ይተጋ ነበር። በብዙ ቦታም ዐመፅ ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋጋ።

ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ጊዜ መጻሕፍትን ሲተረጉም ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፤ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ቃል ለተማሪዎቹ ያቀርብ ነበር እንጂ አንዱን አመስግኖ ሌላውን አይነቅፍም ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። የሁለቱን አሳብ በቅን ልብ የሚያቀርብ ሰው በጠብ ጊዜ ወዳጅ እንደማያገኝ ከዚህ እንማራለን። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ካህን ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያሳምፃል ብሎ በሐሰት ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብም ያለውን 3 ወቄት ወርቅና የሚጸልይበትን ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ። ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሲሄድም ከጥልቅ ሸለቆ ሥር አንድ ዋሻ አግኝቶ በዚያ ተቀመጠ።

በዋሻው 2 ዓመት ኖረ። አንዳንድ ጊዜ እየወጣ ምግብ ሲለምን ሰዎቹ ባሕታዊ ይመስላቸው ነበር። በዚያ ብቸኝነት ዳዊቱን እየደገመ ያስብ ጀመር። የሚጸልይለት አምላክ በእርግጥ ይኖር እንደ ሆነ ራሱን ጠየቀ። እኔ ራሴን አልፈጠርሁም፤ ወላጆቼም ራሳቸውን አልፈጠሩም፤ ወደ ኋላ ብንሄድ ሁሉን የፈጠረ አንድ ፈጣሪ መኖር አለበት ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። እንግዲህ ጥርጣሬው ከእምነት አላወጣውም፤ ይልቁንም በጥያቄ በኩል አልፎ ወደ ፈጣሪው ተመለሰ።

ቀጥሎም ስለ ሃይማኖቶች ልዩነት መረመረ። እያንዳንዱ ሰው የእኔ ሃይማኖት የቀና ነው፤ የሌላው ግን የተሳሳተ ነው ይላል። ፈረንጁም፤ ኢትዮጵያዊውም፤ ሙስሊሙም፤ አይሁዳዊውም እንዲሁ ይላል። ሁሉም ለራሱ የሚመሰክር ከሆነ ፈራጁ ማን ይሆናል? ዘርዐ ያዕቆብ ለዚህ ያገኘው መልስ ልቡና ነው። ፈጣሪ ለሰው ሁሉ፤ ሃይማኖቱን ሳይመርጥ፤ የልቡናን ብርሃን ሰጥቷል። ሰው በዚህ ብርሃን ቢመረምር ከፈጣሪ የመጣውን ሕግና ሰው ራሱ የጨመረውን ሥርዐት ሊለይ ይችላል። አትግደል፤ አትስረቅ፤ በሌላው ላይ እንዲደረግብህ የማትፈልገውን አታድርግ የሚለው ትእዛዝ ከተፈጥሮ ሥርዐት ጋር ስለሚስማማ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። ሰውን እንደ ከብት መሸጥ ግን፤ በማንኛውም ሃይማኖት ስም ቢፈቀድ፤ ሰዎችን ሁሉ እኩል አድርጎ ከፈጠረ አምላክ ሊመጣ አይችልም። በዚህ ዐይነት የክርስቲያኑንም፤ የሙስሊሙንም፤ የአይሁዳዊውንም ሥርዐት መርምሮአል። በጾምና በምንኩስና ላይ የተናገረው ብዙዎቻችንን የማያስማማ ነው፤ እኔም ጾሜን አልተውሁም። ይሁን እንጂ የራሱን ወገን ሳያዳላ በመመርመሩ ሊከበር ይገባዋል።

በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ንጉሡም ካረፉ በኋላ ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ሲዘዋወር ወደ እንፍራዝ ደረሰ። በዚያም ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ መጻፍ ማወቁን አይቶ በቤቱ አስቀመጠው። ዘርዐ ያዕቆብም ዳዊት እየገለበጠ በእጁ ሥራ ይኖር ጀመር፤ የጌታውንም ልጆች አስተማረ። በቤቱ ውስጥ ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ ውብ አልነበረም፤ ነገር ግን ጠባየ መልካም፤ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ በገረድነት ሳይሆን በጋብቻ ወሰዳት፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ያምን ነበርና። በዋሻ ያሰበውን በቤቱ በሥራ አሳየ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳዝናል። ዘርዐ ያዕቆብ አሳቡን ለጎረቤቶቹ አልገለጸም። ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ይቆጥሩት ነበር፤ እሱም ፈርቶ ዝም ይል ነበር። አሳቡን በጽሑፍ ያኖረው 68 ዓመት ሲሞላው፤ በ1660 ዓ.ም.፤ የሀብቱ ልጅ የሆነው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው ነው። ወልደ ሕይወትም በኋላ የራሱን ሐተታ ጻፈ፤ መምህሩ በ93 ዓመት ዕድሜው ማረፉንም መዘገበ።

እንዲህ ያለው ፍርሃት በእኛ አገር ብቻ አልነበረም። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻ በወጣበት ጊዜ አካባቢ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1633 ዓ.ም.፤ ጋሊሊዮ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ትምህርት በመደገፉ በሮማ ተፈረደበትና እስኪሞት ድረስ በቤቱ ታግዶ ኖረ። ጋሊሊዮም አማኝ ነበረ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በእሱ ላይ የተፈጸመውን ስሕተት በይፋ የገለጸችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሃይማኖትና ምርምር የተጣሉ የሚመስሉት ብዙ ጊዜ ሰዎች መጠየቅን ስለሚፈሩ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። የሐተታውን ቅጂ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው፤ ጽሑፉም ዛሬ በፓሪስ ይገኛል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ሊቅ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ መነኩሴው ነው ብሎ ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ግን የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ማስረጃ አቀረቡ። የሚገርመው ሰምነር ራሳቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ፤ ይኸውም በሱስንዮስ ዘመን ሚሲዮናውያኑን የላከው ማኅበር ነው። ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ በጣም አዘንሁ፤ የምወደውን ሰው የነጠቁኝ መሰለኝ። ጥቂት ባስብ ግን ማዘኔ ከመጽሐፉ ትምህርት ጋር የማይስማማ ሆኖ አገኘሁት። ሰው የሚወደውን ነገር ከምርመራ ሊሸሽግ አይገባውም። ገደሉን የለካው ልጅ እኛ የእሱን ታሪክ ለመለካት ገመድ ብናመጣ ሊቆጣን አይችልም። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፤ የቀረበው ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የእኛ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ አያቴን ባሕረ ሐሳብ እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። ደስ ብሏቸው አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ አሳዩኝ፤ የሚመጣውን ዓመት ፋሲካም አብረን ቀመርን። የቤተ ክርስቲያን አባቶች በዓላትን ለማግኘት ፀሐይንና ጨረቃን ሲቆጥሩ መኖራቸውን ያን ጊዜ በደንብ አስተዋልሁ። አያቴም በተራቸው የድንጋይ ዕድሜ እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቁኝ። ዩራኒየም የተባለው ንጥረ ነገር በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ እንደሚለወጥ፤ ግማሹም እስኪለወጥ 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያህል እንደሚፈጅ፤ የሁለቱን መጠን በማነጻጸርም ዕድሜው እንደሚሰላ ገለጽሁላቸው። አላመኑኝም። ሆኖም እንደ ቀድሞው ዝም አላሉም፤ በማግሥቱ እንደገና እንዳስረዳቸው አዘዙኝ።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ እኛ የቢቸናና የሞጣ ልጆች በአንድ በኩል የአባቶቻችን እምነት፤ በሌላ በኩል የትምህርት ቤት ዕውቀት ተሰጥቶናል። አንዱን ለማክበር ሌላውን መጣል አያስፈልገንም። ከጎናችን የሚቀመጠው ጓደኛችንም በሌላ ሥርዐት ስለሚጸልይ እንግዳችን አይደለም፤ ያው የልቡና ብርሃን ለእሱም ተሰጥቶታልና። ስለዚህ ሳንፈራ እንጠይቅ፤ ሳንታክት እንመርምር፤ ከመረመርንም በኋላ ማመስገንን አንርሳ።